ወደ ወይራ አፋፍ የተላከ ዋንዛ

አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጋራዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይኖሩ ነበር። የምሥራቁ ዝግባ አፋፍ፣ የምዕራቡ ወይራ አፋፍ ይባላል። የተያያዙበት እጅ ዛፍ ነበር። በመካከላቸው ባለው ሸለቆ ሾላው፣ ብሳናውና ዋንዛው ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ተቃቅፈው ስለሚሄዱ፣ አንድ ጉሬዛ ቁርሱን ዝግባ አፋፍ በልቶ፣ መሬት ሳይረግጥ፣ ምሳውን ወይራ አፋፍ ይበላ ነበር።

ጉሬዛን ላላየ አንባቢ፣ ጥቁር ለብሶ ነጭ ነጠላ በትከሻው ጣል ያደረገ የሚመስል የዛፍ ነዋሪ ነው። ረጅም ነጭ ጅራቱ ከቅርንጫፉ ወደ ታች ይንጠለጠላል። አውራ ጣት የለውም። አራቱን ጣቶቹን እንደ ሜንጦ ቅርንጫፍ ላይ ሰክቶ ይዘላል። ዛፍ ላይ ማንም አይደርስበትም፤ መሬት ላይ ግን ማንም ይደርስበታል።

በዝግባ አፋፍ አንዲት እናት ጉሬዛ ነበረች። አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። የጉሬዛ ወንድ ልጅ ሲጎረምስ የእናቱን መንጋ ትቶ የራሱን ኑሮ ፍለጋ ይሄዳል፤ ሥርዓታቸው ነው። ልጇም ጊዜው ሲደርስ ተነሣ። እናቱ አላለቀሰችም።

«ዛፍ እስካለ መንገድ አለ» አለችው። «ስትናፍቀኝ እመጣለሁ፤ ስናፍቅህ ትመጣለህ።»

ልጅየው በጋራው ግርጌ ካለው ትልቅ ዋንዛ ፍሬ እየበላ ሄደ። ወይራ አፋፍ ላይ ዋንዛ አይበቅልም ነበርና፣ ለመንገዱ ብሎ ጉንጩን ሞልቶ ነው የሄደው።

ከዚያ መጥረቢያ መጣ።

ከተማው ከሰል ፈልጎ ነበር። ሾላው ሦስት መቶ ዓመት ቆሟል፤ ለመውደቅ ግን ግማሽ ቀን በቃው። ብሳናው ተከተለ፣ ዋንዛው ተከተለ። ሸለቆው ውስጥ ለሦስት ወር ጭስ ሲጨስ ከረመ። ከሰሉን በጆንያ ተሸክሞ ወደ ገበያ የሚያመላልሰው አህያ ነበር። ሲያልቅ ከጋራ እስከ ጋራ ጉቶ ብቻ ቀረ።

ዛፉ ሲሄድ ጥላው ሄደ። ጥላው ሲሄድ ምንጩ ሄደ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የሚይዘው ሥር አጥቶ አፈሩን ጠርጎ ወሰደ፣ በሸለቆውም መካከል ቦረቦር ተቀደደ። ሚዳቋው ተሰደደ፣ ሚዳቋውን ተከትሎም አንበሳው አገሩን ለቀቀ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር የተበደለ አቤት የሚልበት ዳኛ አልነበረም።

ከጉሬዛዎቹ አንዱ፣ የእናቲቱ አጎት፣ «በእግሬ እሻገራለሁ» ብሎ ወረደ። የመንደር ውሾች ከግማሽ መንገድ አላሳለፉትም። ከእርሱ በኋላ የሞከረ የለም።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ወንዱ ጉሬዛ ጎህ ሲቀድ ያገሣል። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ሸለቆ ይሻገራል። የሴቷ ድምፅ ግን ከጥቂት ዛፎች አያልፍም። ስለዚህ እናት ማለዳ ማለዳ የልጇን ድምፅ ከማዶ ትሰማለች። «አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ» ይላል። እርሷም «ሰማሁህ» ትላለች፤ ቃሏ ግን እዚያው ቅጠሉ ላይ ይቀራል። ከዚያ ነጭ ጅራቷን ታወዛውዛለች። ያያት እንደሆነ ወይም ያላያት እንደሆነ የሚነግራት አልነበረም።

አንድ ቀን ማለዳ ቀበሮ በዝግባ አፋፍ ግርጌ ከመጥረቢያው በተረፈው ትልቅ ዋንዛ ሥር ሲያልፍ እናቲቱን ስትተክዝ አገኛት። ዋንዛው በስሏል። ቢጫው ፍሬ ከነማሩ ጫፍ ጫፉ ላይ ተንዠርግጓል። ቀበሮ ደግሞ ዛፍ አይወጣም።

«እንዴት አደሩ፣ እሜቴ?» አለ ጎንበስ ብሎ።

«እግዜር ይመስገን። አንተስ እንዴት አደርህ?»

«እኔማ ምን እሆናለሁ! እግሬን ነው እንጂ የደከመኝ። ትናንት ወይራ አፋፍ ደርሼ መምጣቴ ነው።»

ጉሬዛ የምታኝከው ቅጠል ከአፏ ወደቀ። «ወይራ አፋፍ? ልጄን አይተኸው ይሆን?»

ቀበሮ ልጇን አይቶ አያውቅም። ወይራ አፋፍንም ረግጦ አያውቅም።

«ማንን? ያን ሎጋውን? ደረተ ሰፊውን?»

«እርሱ ነው! ደረቱማ የአባቱ ነው!»

«እንዴታ! ‹የእናቴን ናፍቆትስ ቻልኩት፣ የእናቴ ዋንዛ ግን አላስተኛ አለኝ› ሲል ነው ትቼው የመጣሁት። አንጀቴን በላው።»

እናቲቱ ነገሩን እስኪጨርስ አልጠበቀችም። የበሰለውን ዘለላ መርጣ መርጣ ጣለችለት።

«እባክህ ልጄ፣ አድርስልኝ። እግርህ ቢደክምም አድርስልኝ።»

«ኧረ እሜቴ! ለእርስዎ ያልታዘዘ እግር ለመቼ ሊሆን ነው?»

ቀበሮ ዘለላውን በአፉ ይዞ ሽቅብ ቁልቁል ሳይል በቀጥታ ወደ ወይራ አፋፍ አቅጣጫ ሄደ፤ እናቲቱ ከላይ እያየችው ነበራ። በሸለቆው አጋማሽ አንድ ትልቅ ኩይሳ አለ። ከኩይሳው ጀርባ ሲደርስ ተቀመጠ፣ ዋንዛውን አንድ በአንድ በላ፣ አፉን ላሰ። ከዚያ ወደ ግራ ታጥፎ ወደ ጎሬው ገባ።

በማግሥቱ እናቲቱ ከሩቅ አየችውና ከቅርንጫፏ ብድግ አለች።

«ደረሰ?»

«ደርሷል፣ እሜቴ። ‹እጇ ይባረክ› ብሎዎታል። ነገ ትንሽ ጨመር ቢያደርጉለት ግን አይጠላም።»

እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት አለፈ። ዋንዛ በበሰለ ቁጥር ቀበሮ ይመጣል፣ እናቲቱ «ደረሰ?» ትለዋለች፣ እርሱም «ደርሷል» ይላታል። ዋንዛው ሲያልቅ ወሬውም ያልቃል። እናቲቱ ይህን አላስተዋለችም። ቀበሮም ውሸቱን እያጣፈጠው ሄደ። ልጇ ሚስት እንዳገባ ነገራት። የሚስቱን ጠባይ፣ የአማቶቹን ክፋት፣ የመኝታውን ቅርንጫፍ ሳይቀር ነገራት። አንድ ማለዳ ደግሞ እየሮጠ መጣ።

«እሜቴ፣ እልል ይበሉ! የልጅ ልጅ አየሁልዎት! ጥቁር፣ ድምቡሽቡሽ ያለ፣ ቁርጥ እርስዎን!»

እናቲቱ አፏን ለእልልታ ከፈተችና ትንሽ ቆም አለች። የጉሬዛ ሕፃን ሲወለድ ከራስ እስከ ጅራቱ ነጭ ነው፤ ጥቁሩን የሚለብሰው ከወራት በኋላ ነው። ይህን የማያውቅ ጉሬዛ የለም። ይህን የሚያውቅ ቀበሮ ግን ከየት ይመጣል?

«ፀሐይ ዓይኑን ወግታው ይሆናል» ብላ አሰበች። ከዚያም እልል አለች። የናፈቀ ሰው በጎደለው በኩል ራሱ ይሞላል።

አህያው በዚያ መንገድ በየዕለቱ ያልፋል። ከሰሉ ቢያልቅም ጭነት አላለቀለትም፤ እህል፣ ጨው፣ ድንች ጭኖ በወይራ አፋፍ ግርጌ ወደ ገበያ ይወርዳል። አንድ ቀን ዋንዛው ሥር ቆመና ጆሮውን ዘንበል አደረገ።

«እማማ ጉሬዛ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቆጪኝም?»

«ምን አለህ ደግሞ አንተ?»

«ቀበሮ ወይራ አፋፍ አይሄድም። ኩይሳው ጋ ሲደርስ ይበላውና ወደ ቤቱ ይታጠፋል። በየቀኑ ነው የማየው።»

እናቲቱ ጠጉሯ ቆመ። «አንተ የዛፍ ሬሳ ተሸካሚ! የልጄን መንገድ በጀርባህ አግዘህ የወሰድክ! ዛሬ ደግሞ ሰላምታውን ልትወስድብኝ መጣህ? እርሱ ‹እሜቴ› ብሎ ነው የሚጠራኝ። አንተ አፍህን ከፍተህ ‹አንቺ›!»

አህያው መሬት መሬቱን አየ።

«ልክ ነሽ፣ ተሸክሜያለሁ» አለ። «ጭነቱን እኔ አልመረጥኩትም። ጀርባው ግን የእኔ ነው። ሌላ ጀርባ ነው ብዬ አልክድሽም።»

ይህን ብሎ ሄደ። እናቲቱ ከኋላው «ምቀኛ!» አለችው።

የሦስተኛው ዓመት ክረምት ዝናቡ ጥሩ ነበር። መስከረም ሲጠባ እናቲቱ ወደ ረጅሙ ዝግባ ጫፍ ወጣች፤ ጭጋጉ ሲገፈፍ የልጇን ጋራ ለማየት ነው። ጭጋጉ ተገፈፈ። ወይራ አፋፍ በቦታው ነበር። ከታች ግን አንድ አዲስ ነገር አየች። በተራቆተው ሸለቆ ላይ አረንጓዴ መስመር ተሰምሯል።

ዋንዛ ነበር። ሰፊ ቅጠሉን ከሩቅም ታውቀዋለች። የዋንዛ ፍሬ ሥጋው ማር ነው፣ ዘሩ ግን ድንጋይ ነው። ሆድ አይፈጨውም። በአፍ ገብቶ፣ ሥጋውን ለበላው ትቶ፣ ከነሕይወቱ ይወጣል፤ ማዳበሪያውም አብሮት ነው። ቀበሮ ደግሞ ልማድ አለው። ከፍ ያለ ነገር ካላገኘ አይጸዳዳም፤ ጉቶ ወይም ድንጋይ ወይም ኩይሳ ይመርጣል። ስለዚህ በየጉቶው ሥር፣ የተቆረጠው ዛፍ በቆመበት አጠገብ፣ አንድ አንድ ችግኝ በቅሏል።

እናቲቱ መስመሩን በዓይኗ ተከተለችው። ከዋንዛዋ ሥር ይነሣል። ጉቶውን አለፈ፣ ድንጋዩን አለፈ፣ ኩይሳው ደረሰ። ትንሽ ነው የቀረው። ከኩይሳው ግን መስመሩ ወደ ግራ ታጠፈ። ታጥፎ፣ ታጥፎ፣ የቀበሮ ጎሬ አፍ ላይ ቆመ።

በኩይሳውና በወይራ አፋፍ መካከል አንድም ቅጠል አልነበረም።

እዚያው ዝግባው ጫፍ ላይ ፀሐይ እስክትሞቅ ተቀመጠች። የሦስት ዓመቱ ሰላምታ አንድ በአንድ ትዝ አላት። «እጇ ይባረክ» ያለው የለም። ሚስቲቱም የለችም። አማቶቹ እንኳ፣ ስትጠላቸው የከረመችው አማቶቹ፣ የሉም።

ዋንዛው ሲበስል ቀበሮ መጣ።

«እንዴት አደሩ፣ እሜቴ! ልጅዎ እኮ...»

«የልጅ ልጄ ሲወለድ መልኩ ምን ነበር ያልከኝ?»

«ጥቁር ነዋ! ቁርጥ እርስዎን!»

«የጉሬዛ ሕፃን ነጭ ነው፤ እንደ ወተት።»

ቀበሮ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

«ዞር በልና ሸለቆውን ተመልከት» አለችው። «ሰው ቢዋሽ ዋንዛ አይዋሽም። የበላህበትን ሁሉ ተናግሮብሃል።»

ቀበሮ ዞረ። ከዋንዛው ሥር እስከ ጎሬው አፍ ድረስ ያለውን አየ። ጅራቱ በእግሮቹ መካከል ገባ።

«አንድም ቀን አልሄድክም?»

«አንድም ቀን።»

«አይተኸውም አታውቅም?»

«አላውቅም።» ቀበሮ ለመጀመሪያ ጊዜ «እሜቴ» ማለቱን ረሳ። «ስጀምረው ለፍሬው ነበር። በኋላ ግን ከሩቅ ስታይኝ ብድግ ትያለሽ። እኔን ከዚያ በፊት ማንም ብድግ ብሎ ጠብቆኝ አያውቅም።»

እናቲቱ ልትረግመው አስባ ነበር። ርግማኑን ሌሊቱን ሁሉ ስታሰናዳው ነው ያደረችው። አሁን ግን ዓይኗ ወደ አረንጓዴው መስመር ሄደ። መንገዱ የውሸት ነበር። ዛፉ ግን ዛፍ ነበር። እስከ ኩይሳው ድረስ ያለው ደግሞ የልጇ መንገድ ነው።

«ውሸትህ በቅሏል» አለችው። «እንግዲህ እውነቱን ዝራ። ኩይሳው ጋ የምትታጠፈውን አትታጠፍ። በቀጥታ ሂድ፤ እየበላህ ሂድ። ካልሄድክ ከዚህ ዛፍ አንዲት ፍሬ አትወድቅልህም።»

«ብቻዬን? ቦረቦሩ አለ፣ ውሾቹ አሉ...»

«ብቻህን አይደለህም።»

ከሰዓት በኋላ አህያው ጨው ጭኖ ሲመጣ እናቲቱ ወርዳ ወርዳ፣ እስከ ዛሬ ወርዳበት በማታውቀው ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከጆሮው ልክ ነበረች።

«አህያ ልጄ» አለች። «እውነት ነግረኸኝ ሰድቤህ ነበር።»

«ስድቡን ለምጄዋለሁ፣ እማማ። የከበደኝ አለማመንሽ ነበር።»

«ማረኝ።»

አህያው ጆሮውን አርገበገበ። ይቅርታ ጠይቆት የሚያውቅ ስለሌለ ምን እንደሚባል አላወቀም። «እሺ» አለ በመጨረሻ። «አሁን ምን ልሸከም?»

ነገረችው። አህያው የወደቀውን ዋንዛ አሸተተና አንድ ጉንጭ ሙሉ በላ።

«ዛፉን በጀርባዬ ወሰድኩት፤ በሆዴ እመልሰዋለሁ» አለና መንገዱን ቀጠለ። ጌታው ዘወትር በአንድ መንገድ ስለሚነዳው፣ በወይራ አፋፍ ግርጌ የሚያርፍበትም ቦታ አንድ ስለሆነ፣ ዘሩ የት እንደሚወድቅ ማሰብ እንኳ አላስፈለገውም።

ቀበሮ ራሱን አከከ። «መዝራቱስ ይዘራ። ፍየሎቹስ? ችግኝ ለፍየል ሰላጣ ነው። መጥረቢያውስ? ለመሆኑ ማን ይጠብቀዋል?» ካለ በኋላ ወዲያው ዓይኑ ብልጭ አለ። «ይኼን ለእኔ ተዉት።»

ጅቡን ያገኘው ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ኩይሳው አጠገብ ሲያዛጋ ነው።

«አያ ጅቦ፣ ምሥጢር ልንገርህ?»

«ሥጋ አለበት?»

«አለበት።»

«እንግዲያው ንገረኝ።»

ቀበሮ ወዲያ ወዲህ ካየ በኋላ ወደ ጆሮው ተጠጋ። «ይህ የበቀለው ምን ይመስልሃል? የቋንጣ ዛፍ ነው።»

«የቋ...?» ጅብ ምራቁን ዋጠ። «ቋንጣ ዛፍ ላይ ነው እንዴ የሚበቅለው?»

«አያ ጅቦ፣ ሰዎች ቋንጣን የት ነው የሚያኖሩት?»

«ገመድ ላይ ይሰቅሉታል።»

«ለምን መሬት ላይ አያኖሩትም?»

ጅብ አሰበ። ሲያስብ አንዱ ጆሮው ይወድቃል። «ለምን?»

«የመጣው ከላይ ነዋ! ወደ አገሩ እያስጠጉት ነው።»

ሁለተኛው ጆሮም ወደቀ። «ልክ ነው» አለ ጅብ በጣም ተገርሞ። «እስከ ዛሬ እንዴት አላሰብኩትም! መቼ ያፈራል?»

«ፍየል ካልበላው፣ መጥረቢያ ካልነካው፣ ትንሽ ዓመት ነው።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

«ከብዙ ያነሰ።»

«ኧረ ቅርብ ነው!»

«ሌላም አለ። ዘሪው አህያው ስለሆነ እርሱን እንዳትነካ።»

ጅብ እንደ ተመታ ጮኸ። «አህያ? አህያን ልተው? እኔ? አባቴ ምን ይለኛል!»

«ዛሬ አንድ አህያ ይሻልሃል ወይስ ጫካ ሙሉ ቋንጣ?»

ጅብ ሰማዩን አየ፣ መሬቱን አየ። «ጭኑን ብቻ ብቀምሰው?»

«ምኑንም።»

«ጆሮውን? ጆሮው ረጅም ነው፣ ቢያጥር ምን ይጎዳዋል?»

«አያ ጅቦ!»

«እሺ፣ እሺ» አለ ጅብ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ቀበሮ ሲመለስ ለአህያው እንዲህ አለው፦ «የበሬው ይወድቅልኛል ብላ ስትከተል የዋለችው፣ በተረት የሚስቁባት፣ የእኔ አያት ናት። አያ ጅቦ ግን እርሷን ሳያስንቅ አይቀርም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጅብ ከኩይሳው ጫፍ አልወረደም ማለት ይቻላል። የፍየል መንጋ ሲመጣ አንዴ ብቻ «አውው» ይላል፤ እረኛውም ፍየሉም ወደ ኋላ አይመለከቱም። ማታ ማታ መጥረቢያ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ሳቁን ሰምተው በመጡበት ይመለሳሉ። አህያው ሲያልፍ ደግሞ ጅብ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍናል፤ እንዳይፈተን።

ቀበሮም በእውነት ሄደ። በመጀመሪያው ጉዞ ሦስት ቀን ፈጀበት። ሲመለስ ጎኑ ተቧጭሯል፣ አንካሳ ሆኗል። እናቲቱ ከሩቅ አይታ ብድግ አለች።

«አየኸው?»

«አየሁት።»

«ምን አለህ?»

ቀበሮ ምላሱን አውጥቶ አለከለከ። የሚያምር ውሸት አፉ ድረስ መጥቶ ነበር፤ መልሶ ዋጠው። «ምንም አላለኝም። ቀበሮ ሲያይ ጊዜ ሽቅብ ሮጦ ወጣ። ትንሽ ነው ያየሁት። ግራ ጆሮው ተቀዷል።»

እናቲቱ ቅርንጫፉን ጨበጠች። «ንስር ነው! ሕፃን ሳለ ንስር ሊነጥቀኝ ሲል ነው የቀደደው! የእኔ ልጅ ነው!»

«ከጎኑ አንዲት ሴት ነበረች። ደረቷ ላይ የሆነ ነጭ ነገር ተለጥፏል። ጥጥ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ግን ተንቀሳቀሰ።»

ቀበሮ ቀና ብሎ ሲያያት እናቲቱ ፊቷን በጅራቷ ሸፍና ነበር። በሦስት ዓመት ከነገራት ወሬ ሁሉ ያን ያህል አጭር የለም፤ ያን ያህል የተደጋገመም የለም። ለስንት ጊዜ መልሶ መላልሶ እንደነገራት እግዜር ይወቅ።

ዓመት ዓመትን ወለደ። ዋንዛ ቶሎ አዳጊ ነው። በመጀመሪያ ከጅብ ቁመት በለጠ፣ ከዚያ ከአህያው ጭነት በለጠ። ወፎች መጡና በዋንዛው ላይ አርፈው የሾላና የወይራ ዘር ጣሉበት። በየሥሩ አፈር ተያዘ። በቦረቦሩ ግርጌ በበጋ ሳይቀር ርጥበት ታየ። ማለዳ ማለዳ ደግሞ አንድ ነገር ሆነ፤ የልጇ ድምፅ መቅረብ ጀመረ። አንድ ዓመት ከወይራ አፋፍ ወገብ አገሣ። በሚቀጥለው ከግርጌው። ከዚያም ከቦረቦሩ ወዲያ ካለው ዋንዛ። «አለሁ፣ አለሁ» ይላል። በየዓመቱ ጥቂት ዛፍ ያህል ይቀርባል።

ቀርቦም ቆመ። ቦረቦሩ ሰፊ ነበር። በወዲህና በወዲያ ያሉት ዋንዛዎች ቅርንጫፋቸውን ዘርግተው አልደረሱም። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጅየው እዚያው ጫፍ ላይ እያገሣ ቆመ። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የእናቲቱ ዓይን ፈዘዘ። በመጀመሪያ ወይራ አፋፍ ጠፋባት፣ ቀጥሎ ኩይሳው፣ በመጨረሻም የራሷ እጅ። የቀራት ጆሮዋ ነበር።

አንድ ማለዳ ጎህ ቀደደ። እናቲቱ ጆሮዋን አቀናች። ምንም የለም። ወፎቹ ተንጫጩ፣ ፀሐይዋ ጀርባዋን ነካቻት። ምንም የለም።

«ቀበሮ!» ብላ ተጣራች። «ዛሬ አላገሣም! አልሰማሁትም! አንተስ?»

ቀበሮ ዋንዛው ሥር ነበር። አርጅቶ ነበርና ሩቅ አያይም። «አልሰማሁም» አለ፤ መዋሸት ቢያምረውም።

በዚህ ጊዜ ከሸለቆው የጅብ ጩኸት ተሰማ።

«አፈራ! አፈራ! ቋንጣው አፈራ! ኧረ ቋንጣ አይደለም፣ ጮማ ነው! ረጅም ነጭ ጮማ ቦረቦሩ ላይ ካለው ዛፍ ተንጠልጥሏል!»

እናቲቱ ጆሮዋን ወደ ሸለቆው አዞረች።

«ኧረ ዘለለ!» አለ ጅብ። «ቦረቦሩን ዘለለ! ወዲህኛው ዛፍ ላይ ነው! ቀበሮ፣ ቋንጣ ይዘላል እንዴ?»

«ትኩስ ነዋ፣ አያ ጅቦ!» ብሎ ቀበሮ ጮኸለት።

«ኩይሳዬ አጠገብ ደረሰ! ኧረ ብዙ ነው! አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጮማ! ይወድቃል ብዬ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ፣ አይወድቅም! ጉቶው ጋ ደረሰ! ድንጋዩ ጋ! ኧረ ወደ እናንተ ነው የሚመጣው! ያዙልኝ!»

የእናቲቱ ቅርንጫፍ ጎበጥ አለ።

እናቲቱ አራት ጣቷን ዘርግታ ደረት ነካች፤ ሰፊ ነው። አንገት ነካች። ግራውን ጆሮ ፈለገችና አገኘችው። ተቀዷል።

ከዚያ በሌላ እጇ ይዛው የነበረውን ሰጠችው። ዋንዛ በበሰለ ቁጥር ማለዳ ማለዳ አንድ ፍሬ ቀጥፋ መያዝ ልማዷ ነበር።

«ስልክልህ ነበር» አለችው።

«አልደረሰኝም፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ።»

ልጅየው ጎልማሳ ሆኗል፤ ጢሙ ነጥቷል። ዋንዛውን አፉ ውስጥ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ፣ ብዙ ጊዜም እንደ ጨፈነ ቆየ። ዘሩ ከከንፈሩ ወድቆ በቅጠሉ መካከል ወደ ታች ሄደ።

ከሥር ቀበሮ ቀና ብሎ ጠየቀ።

«ደረሰ?»

«ደረሰ» አለች እናቲቱ።

ከዚህ የምንማረው፣ ዛፍ የሚቆርጥ እንጨት ብቻ ሳይሆን መንገድም እንደሚቆርጥ፣ የተቆረጠውም መንገድ የሚመለሰው በርግማን ሳይሆን የበደለውና የተበደለው አብረው በሚዘሩት ዘርና አብረው በሚጠብቁት ዓመት መሆኑን ነው።